የድምፅ ማጉያ በምን ላይ ይቀመጥ?



በዚህ ሳምንት የምንነጋገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል፣ ዳሩ ግን ገንዘብ የሚያስከፍል ጉዳይ ነው። ይኸውም የድምፅ ማጉያ መሣሪያ በቤት ውስጥ በምን ላይ ይቀመጥ የሚለው ነው። የድምፅ ማጉያ ስንል በገበያ አምፕሊፋየር የሚባለውን ማለታችን እንጂ፣ ድምፁ የሚወጣበትን ሣጥን፣ ማለት ስፒከሩን አይደለም። በአገራችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የተለመደ ነው፤ እንዲያውም በሠርግና በስብሰባ ቦታ የሚቆመውን ትልቅ ሣጥን ማንም ይሥራው ማን፣ በአንድ የኢጣልያ ፋብሪካ ስም «ሞንታርቦ» ብለን መጥራት ከጀመርን ቆይተናል። አሁን የምንናገረው ግን ከስልክ፣ ከቴሌቪዥን ወይም ከሸክላ ማጫወቻ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብሎና አበርትቶ ወደ ስፒከር ስለሚልከው ዕቃ ነው።

ለንግግራችን ምሳሌ የምትሆነን ቡራዩ ናት። ቡራዩ ከአዲስ አበባ በአስኮ በኩል ወጥቶ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለለች መሆኗን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ቀን በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሲሠራ ውሎ ማታ ወደዚያ የሚመለሰው ሠራተኛ ብዙ ነው። ይህ ሰው ከደመወዙ ቆጥቦ አምፕሊፋየር በሚገዛበት ጊዜ ስለ ዋጋው፣ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ዋቱ ብዙ ይጠይቃል፤ የት እንደሚያስቀምጠው የሚያስበው ግን ቤቱ ገብቶ ካርቶኑን ከከፈተ በኋላ ነው። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ አንደኛውን ግድግዳ ሶፋው፣ ሌላውን ቡፌው ይዞታል። ስለዚህ ዕቃው ወደ ቡፌው ይገባል። የቡፌው መስታወት ይዘጋል፤ አቧራ እንዳይነካውም ተብሎ በላዩ ዳንቴል ይለብሳል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለዕቃው ከማሰብ የተነሣ ሲሆን፣ ዕቃውን የሚጐዳውም ይኸው ነው።

አምፕሊፋየር ከሁሉ አስቀድሞ ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ መሆኑን ማወቅ ያሻል። ከግድግዳው ሶኬት የሚወስደውን ኃይል ሁሉ ወደ ስፒከር አያደርሰውም። በመኖሪያ ቤት በተለመደው የድምፅ መጠን ሙዚቃ በሚሰማበት ጊዜ ወደ ስፒከሮቹ የሚደርሰው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ዋት አይበልጥም። መሣሪያው ግን ከሶኬቱ ለምሳሌ 60 ዋት ይወስድ ይሆናል። የቀረው 58 ዋት የት ይሄዳል? ሙቀት ሆኖ ከዕቃው ይወጣል፤ መውጫ ያጣ እንደ ሆነም በዙሪያው ይከማቻል። እንግዲህ እንደዚህ ያለውን አምፕሊፋየር በተዘጋ ቡፌ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በቀድሞው ዘመን የምናውቀውን ባለ 60 ዋት አምፖል አብርቶ በቁም ሣጥን ውስጥ እንደ መዝጋት ያህል ነው። አምፖሉን ማንም እንዲህ አያደርገውም፤ ብርሃኑ ይታያልና። የአምፕሊፋየሩ ሙቀት ግን አይታይም።

የሙቀቱ መጠን እንደ መሣሪያው ዐይነት ይለያያል። «ክላስ ዲ» የሚባለው ትንሽና ቀላል የሆነው አዲሱ ዐይነት፣ ጮክ ብሎ በሚሠራበት ጊዜ ከሚወስደው ኃይል ከመቶው 90 ያህሉን ወደ ስፒከር ሊያደርስ ስለሚችል ብዙ አይሞቅም። «ክላስ ኤቢ» የሚባለውና በአያሌ ቤቶች የሚገኘው ግን በስሌት እንኳ ከመቶ 78 አያልፍም፤ በዝቅተኛ ድምፅ ሲሠራ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ከሁሉም የሚሞቀው «ክላስ ኤ» የሚባለውና የመስታወት ቱቦ፣ ማለት ቫልቭ ያለው ነው። ለምሳሌ «ኢኤል 34» የሚባለው የታወቀ ቫልቭ በውስጡ ያለውን ክር ለማጋል ብቻ 6.3 ቮልትና 1.5 አምፔር ይፈልጋል፤ ይህም ወደ 9.5 ዋት ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ቫልቭ አራት የተሰካበት መሣሪያ እንግዲህ ዘፈኑ ገና ሳይጀመር በክሩ ብቻ 38 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል።

የቀድሞዎቹ የሬዲዮ ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከሸክላ ማጫወቻ ጋራ በአንድ የእንጨት ሣጥን ይመጣ የነበረውን ራዲዮግራም ከጀርባው ያየ ሰው፣ መዝጊያው በተርታ የተበሳሳ ካርቶን እንደ ነበረ ያስታውሳል። ቀዳዳው ለጌጥ አልነበረም፤ ፊቱን እንደ ቁም ሣጥን አሳምረው ሲሠሩት ጀርባውን ለአየር መተዋቸው ነው። የዛሬው ቡፌ ሠሪ ግን ሥራውን የሠራው ለሰሐንና ለብርጭቆ ስለ ሆነ ጀርባውን ይደፍነዋል። ሰሐን አይሞቅምና በእርሱ አይፈረድበትም።

ሙቀቱ በዕቃው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በአጭሩ እንናገር። በአምፕሊፋየር ውስጥ ኮንደንሰር የሚባሉ ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉ ዕቃዎች አሉ። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ሙቀት በበረታበት መጠን ቀስ በቀስ ይደርቃል። በኤሌክትሮኒክስ ሙያ የታወቀው ግምታዊ ስሌት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኮንደንሰሩ ዕድሜ በእኩሌታ ይቀንሳል የሚል ነው። በአየር ላይ ተቀምጦ 12 ዓመት ሊያገለግል የሚችለው ኮንደንሰር፣ በ10 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ውስጥ 6 ዓመት፣ በ20 ዲግሪ በሚበልጠው ውስጥ ደግሞ 3 ዓመት ብቻ ያገለግላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከስፒከሩ ጉምጉምታ መሰማት ይጀምራል፤ ባለቤቱም «ዕቃው አረጀ፤ ፋብሪካው ደካማ ነው» ይላል። የገደለው ግን ቡፌው ነው።

አሁን ወደ ቡራዩ አየር እንመለስ። ቡራዩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎግራም ያህል ሲመዝን፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚመዝነው ከ1 ኪሎግራም ጥቂት ያነሰ ነው። አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላና ሽንብራም በእሳት ላይ ረጅም ጊዜ የሚፈጁት ስለዚህ ነው። በዚህ አንጻር የሳሳው አየር የአምፕሊፋየርን ሙቀት ተሸክሞ ለመውሰድ ያለው ጉልበት ከባሕር ጠረፍ አየር ያነሰ ነው። መሣሪያው ማራገቢያ ሳይኖረው፣ ሞቆ ወደ ላይ በሚወጣው አየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ይህ ጉልበት ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል ብሎ መገመት ይቻላል።

ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ አይኑር። ደጋው በአንድ እጁ የነሣውን በሌላው ይመልሳል። የመሣሪያ ፋብሪካዎች ዕቃቸው ሊሠራበት የሚችለውን የክፍል ሙቀት ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ እስከ 35 ወይም እስከ 40 ዲግሪ ይላሉ፤ የቡራዩ ሳሎን ግን በበልግ ቀትር እንኳ ከዚህ በብዙ ያነሰ ሙቀት አለው። ስለዚህ በክፍት ቦታ የተቀመጠ አምፕሊፋየር በቡራዩ ከአዋሽ ወይም ከድሬዳዋ ይልቅ ተመችቶት ይኖራል። ነገር ግን ያንኑ ዕቃ በቡፌ ውስጥ የዘጋነው እንደ ሆነ፣ በደጋ ቤት ውስጥ ትንሽ ቆላ ሠርተን በዚያ አኖርነው ማለት ነው። የሳሳው አየር ጉዳቱ ይቀራል፤ የቅዝቃዜው ጥቅም ግን ይጠፋል።

በአንዳንድ መሣሪያ ጀርባ ተራራ የሚመስል ሥዕልና 2,000 ሜትር የሚል ጽሑፍ ይታያል። ትርጉሙ ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ይህ ምልክት በተለይ የሚመለከተው የኤሌክትሪክ መከለያን ነው፤ የሳሳ አየር በሁለት ሽቦዎች መካከል ብልጭታ እንዳይዘል የመከልከል ኃይሉ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ፋብሪካው ዕቃውን የፈተነው እስከዚያ ከፍታ ድረስ ለሚያስፈልገው ርቀት ነው። አዲስ አበባም ሆነች ቡራዩ ከዚህ ከፍታ በላይ ናቸው። ምልክቱ ዕቃው በዚህ ከፍታ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ፋብሪካው የተወው ትርፍ ርቀት በእኛ ዘንድ ጠቦ ይገኛል ማለት ነው። ያንን የጠበበ ርቀት ይበልጥ የሚያጠበው ደግሞ በሽቦዎቹ መካከል የሚጋገር አቧራና እርጥበት ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከወለል ማንሣት፣ ከእርጥብ ግድግዳ ማራቅና ንጽሕናውን መጠበቅ ለእኛ ከቆላ ሰው ይልቅ ይበልጥ ያስፈልገናል።

እንግዲህ ቡፌ ያለው፣ ሌላ ዕቃ ለመግዛት ደመወዙ የማይፈቅድለት ሰው ምን ያድርግ? የመጀመሪያው ሥራ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። የቡፌውን ጀርባ ይመልከት፤ አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ምስማር የተመታ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው። አምፕሊፋየሩ በሚቀመጥበት ክፍል በኩል ያለውን ይንቀለው፤ ቡፌውንም ከግድግዳው አንድ ጋት፣ ማለት 10 ሴንቲሜትር ያህል ያርቀው። መስታወቱን፣ መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ክፍት ያድርገው፤ ወይም ከነአካቴው ያውጣው። ዳንቴሉን ለሌላ ጠረጴዛ ያውለው። ከመሣሪያው በላይ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር፣ ከግራና ከቀኝ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ቫልቭ ያለው ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይበቃም፤ በላዩ ምንም ነገር ሊኖር አይገባም፤ ከቡፌው ወጥቶ በአናቱ ላይ ይቀመጥ። የዲሽ ሪሲቨሩን በአምፕሊፋየሩ ላይ መደረብ በየቤቱ የሚታይ ልማድ ነው፤ ሪሲቨሩ ራሱ የሚሞቅ ዕቃ ስለ ሆነ ሁለቱም ይጐዳሉ። ለብቻው ቦታ የታጣ እንደ ሆነ አምፕሊፋየሩ ከላይ፣ ሌላው ከታች ይሁን፤ በመካከላቸውም አየር ይለፍ።

ይህን ያደረገ ሰው ውጤቱን በራሱ ሊመረምር ይችላል። መሣሪያውን እንደ ልማዱ ለአንድ ሰዓት ከሠራበት በኋላ የእጁን መዳፍ በላዩ ላይ ያሳርፍ። ሙቀቱ ደስ የሚል ወይም የሚታገሡት ከሆነ መልካም ነው። ጥቂት ሰከንድ እንኳ ማስቆየት የማይቻል ከሆነ ብረቱ ወደ 60 ዲግሪ ቀርቧል፤ ማስቀመጫው አየር አይሰጥም ማለት ነው። (ቫልቩን ራሱን በእጅ መንካት ግን ክልክል ነው፤ ያቃጥላል።) በማግሥቱ ጀርባውን ከፍቶ እንደገና መዳፉን ቢያሳርፍ ልዩነቱን ከማንም ንግግር ይልቅ እጁ ያስረዳዋል።

አሁን ደግሞ አዲስ ማስቀመጫ ማሠራት ስለሚፈልገው እንናገር። ወደ አናጢ ከመሄዱ አስቀድሞ ሜትር ይያዝ። የአብዛኛው አምፕሊፋየር የፊት ስፋት 43 ሴንቲሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ከ30 እስከ 40 ይደርሳል። ከበስተኋላው ለሚሰኩት ገመዶች ቢያንስ 8 ሴንቲሜትር መተው ያስፈልጋል፤ ይህን የሚረሳ ሰው ገመዱን አጥፎ ሲያስገባ መሰኪያውን ይሰብረዋል። ስለዚህ መደርደሪያው 60 ሴንቲሜትር ስፋትና 45 ሴንቲሜትር ጥልቀት ቢኖረው ለአብዛኛው ዕቃ ይበቃል። የላይኛው መደርደሪያ ከወለሉ ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳያጐነብስ ቁልፉን ያያል፤ የታችኛው ደግሞ ከወለሉ ከ15 ሴንቲሜትር ዝቅ አይበል።

አምፕሊፋየር ክብደት አለው። መካከለኛው ከ7 እስከ 12 ኪሎግራም ሲመዝን፣ ባለ ቫልቩ ከ20 ኪሎግራም ሊያልፍ ይችላል፤ ክብደቱም በእኩል አይከፈልም፤ ትራንስፎርመሩ ባለበት ወገን ይጋደላል። መደርደሪያው በጊዜ ብዛት እንዳይጐብጥ ውፍረቱ ከሁሉ ይልቅ ይቈጠራል። የአንድ ሳንቃ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ሁለት እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆንም ጕብጠቱ እንዲሁ በስምንት እጥፍ ይጨምራል። እንግዲህ አናጢው ስስ ሳንቃ ይበቃል ሲል፣ ጥቂት ሚሊሜትር ለመጨመር የሚከፈለው ገንዘብ ከንቱ አይደለም። ለ60 ሴንቲሜትር ስፋት 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ መካከለኛውን መሣሪያ ይሸከማል፤ ለከባዱ ግን 25 ሚሊሜትር፣ ወይም ከበታቹ ማገር ያሻል። ኤምዲኤፍ ጠላቱ ውሃ ነው፤ ጫፉ ሳይሸፈን የቀረ እንደ ሆነ ወለል ሲታጠብ ጠጥቶ ያብጣል።

ስለ እንጨት በምንናገርበት ጊዜ የቡራዩን ሰው ስለ ባሕር ዛፍ ማስተማር ድፍረት ይመስላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ የአዲስ አበባን ዙሪያ ሁሉ ሸፍኖታል፤ ብርቱና ርካሽ መሆኑም የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ባሕር ዛፍ ለቤት ግንባታ የሚሆንበት ጠባይና ለቤት ዕቃ የሚሆንበት ጠባይ የተለያየ ነው። ግንዱ ሲደርቅ እጅግ ይሸመቅቃል፣ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል። እርጥቡን ተላግቶ መደርደሪያ የሆነ እንደ ሆነ በሦስተኛው ወር አራቱ እግሮች በአንድ ጊዜ ወለል አይነኩም። ስለዚህ ሳንቃው ከተሰነጠቀ በኋላ በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ቀጫጭን ጣልቃ እንጨት እየተደረገ ተከምሮ፣ ከላዩ ክብደት ተጭኖበት ለብዙ ወራት መድረቅ አለበት፤ ጫፍና ጫፉም ፈጥኖ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ቀለም ይቀባል። ምስማር ከመመታቱም በፊት ቀዳዳ ይቀደድለት፤ ያለዚያ ይተረተራል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው፣ ባሕር ዛፉን ለእግርና ለማገር፣ ኤምዲኤፉን ወይም ወፍራሙን ኮምፔርሳቶ ለመደርደሪያው ቢያደርግ ይሻለዋል፤ የእኛም ምክር ይኸው ነው።

ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ለዕቃ ሥራ ከባሕር ዛፍ ይልቅ የተመሰገኑ መሆናቸው እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን ሦስቱንና ኮሶን ከመንግሥት ደን ቆርጦ መጠቀምን ከልክሎ እንደ ነበር ማስታወስ ያሻል። ከቡራዩ ብዙ ሳይርቅ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ችግኝ እንደ ተተከለበት የሚተረከው የመናገሻ ሱባ ደን ጥድና ዝግባ ዛሬም የሚታይ ነው። ለአንድ የሙዚቃ ዕቃ ማስቀመጫ ከዚያ ዐይነት ዛፍ መጠየቅ የሚያስፈልግ አይመስለንም። አሮጌ የዋንዛ ጠረጴዛ ከቤት ያለው ሰው ግን እድለኛ ነው፤ ለዓመታት የደረቀ ስለ ሆነ እግሩን አሳጥሮ፣ ጀርባውን ክፍት አድርጎ ቢጠቀምበት ከማንኛውም አዲስ ዕቃ የሚበልጥ ነገር ያገኛል።

ብረት ማሠራት የሚመርጥም አለ። ከአንግል ብረት ወይም ከቱቦላሬ የተበየደ ማዕቀፍ ጀርባም ጎንም ስለሌለው ከአየር በኩል ወደር የለውም፤ ዋጋውም ከቡፌ ዋጋ ጋራ አይወዳደርም። በዚህ ረገድ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የመሣሪያው ስፒና ሦስት እግር ቢኖረው፣ ሦስተኛው እግር የሚጠቅመው በግድግዳው ውስጥ እውነተኛ የመሬት ሽቦ ያለ እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ሽቦው አለ ማለት አይደለም። በቤቱ የመሬት ሽቦ መኖሩን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያላስመረመረ ሰው፣ የተገለጠ ሽቦ በብረቱ ላይ ቢያርፍ 220 ቮልቱን ልጁ በባዶ እግሩ ቆሞ በሚነካው ማስቀመጫ ላይ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ በብረቱ ማዕቀፍ ላይ የሚተኛው መደርደሪያ እንጨት ይሁን፤ ገመዶቹ በብረቱ ስለታም ጠርዝ አይታሸቱ፤ ከተቻለም ብረቱ ሁሉ ቀለም ይቀባ፤ የመሬቱ ሽቦ ነገር ግን ማስቀመጫው ከምንም ቢሠራ ከሁሉ በፊት ይታይ።

ወለሉ ሊሾ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወጣ ገባ ነው። አራት እግር ያለው ማስቀመጫ በእንዲህ ያለ ወለል ላይ ይናወጣል። ሦስት እግር ያለው አይናወጥም፤ ነገር ግን በጐን የተደገፈበት እንደ ሆነ ቶሎ ይገለበጣል፤ ልጅ ባለበት ቤት አንመክረውም። አራቱን እግር አድርጎ ከሥራቸው የሚጠበቅና የሚላላ ብሎን ማስገባት፣ በውሃ ልክም ማስተካከል ይሻላል።

ከውጭ አገር በሚመጡ መጽሔቶች ውስጥ ስለ ማስቀመጫ ብዙ ይጻፋል፤ አምፕሊፋየሩ በሹል የብረት እግር ላይ፣ ወይም በጥርብ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ ድምፁ ይጠራል ይባላል። ለዚህም ከአምፕሊፋየሩ የማያንስ ዋጋ የሚጠይቁ አሉ። ትራንዚስተር ያለው አምፕሊፋየር የወለሉን ንቅናቄ የሚሰማበት ጆሮ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ ለተሻለ ስፒከር ቢውል ይበልጣል። ንቅናቄ በእውነት የሚጐዳው የሸክላ ማጫወቻን፣ ጥቂትም ቫልቭን ነው። መርፌው በሸክላው ላይ ያለውን እጅግ ደቃቅ ንቅናቄ አንብቦ ወደ ድምፅ የሚለውጥ ስለ ሆነ፣ የስፒከሩን መንቀጥቀጥም አብሮ ያነባል። የአምኃ እሸቴን አሳታሚ ቤት ሸክላዎች፣ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ አስቀምጦ የቆየ ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ እንዲህ ያለ ሰው ማጫወቻውን ከአምፕሊፋየሩና ከስፒከሩ ለይቶ፣ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጠንካራ መደርደሪያ ላይ ያድርገው። ከአምፕሊፋየሩ መለየቱ ሁለተኛ ምክንያት አለው፤ የትራንስፎርመሩ መግነጢሳዊ ኃይል በመርፌው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ጉምጉምታ ያሰማል። ግድግዳው ክፍት ብሎኬት የሆነ እንደ ሆነ ፊሸር የሚባለው የፕላስቲክ መያዣ በልኩ ይመረጥ፤ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ግን መደርደሪያው በእንጨቱ ማገር ላይ ካልተመታ በስተቀር አይታመንም።

የቀረው የቤት ልማድ ነው። በክረምት የቡራዩ ወለል ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥብ ነው፤ መሣሪያው ለብዙ ቀን ሳይሠራ የቆየ እንደ ሆነ በሚሠራበት ቀን ከመጮኹ በፊት ጥቂት እንዲሞቅ በዝቅተኛ ድምፅ ይቆይ። ቡና በሚፈላበት ጊዜ የዕጣኑ ጢስ ሙጫነት ስላለው ከአቧራው ጋራ ሆኖ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ላይ ይጋገራል፤ ረከቦቱና ማጨሻው ከማስቀመጫው ራቅ ብለው ይቀመጡ እንጂ ቡናው ይቅር አንልም። መብራት በጠፋ ጊዜ ሻማ ወይም ጧፍ በአምፕሊፋየሩ አናት ላይ ማቆም እጅግ የተለመደ ነው፤ ሰሙ በቀዳዳው ገብቶ ሲረጋ ማንም ሠራተኛ አያወጣውም፤ እሳቱም ራሱ አደጋ ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስና የአበባ ማስቀመጫም እንዲሁ ከላዩ ይነሡ። መብራቱ ተመልሶ በሚመጣበት ጊዜ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ በጠፋበት ቅጽበት ስፒናውን መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ይገባል።

ይህ እንዲመች ማስቀመጫው በሚሠራበት ጊዜ የስፒናው ቦታ አብሮ ይታሰብ። ዲቫይደሩ በወለል ላይ ተጥሎ ውሃና መጥረጊያ እንዳይነካው፣ በማስቀመጫው የኋላ እግር ላይ ከወለሉ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሁለት ብሎን ይታሰር፤ ማብሪያው ወደ ጐን ይዙር፤ የስፒከሩ ገመድ በአንደኛው እግር፣ የኤሌክትሪኩ ገመድ በሌላው እግር ይውረድ። አናጢው ይህን የሚሠራው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሲነገረው ነው።